የአየር ማስገቢያ ቱቦ የሞተርን ጉልበት እንዴት ይወስናል?

የቤንዚን መኪናን ኮፈን ከፍቶ የተመለከተ ሰው ከአየር ማጣሪያው በኩል ተነሥተው ወደ ሞተሩ ጎን የሚታጠፉ፣ ብዛታቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊንደሮቹ ብዛት ጋር እኩል የሆነ ቱቦዎችን ማየቱ አይቀርም። የእነዚህ ቱቦዎች ስብስብ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ይባላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቱቦዎቹ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ናቸው። በሌሎች ላይ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠምዝዘው ይገኛሉ። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የቱቦዎቹ ሥራ አየርን ከማጣሪያው ወደ ሲሊንደር ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጭርና ሰፊ የሆነው ቱቦ ሁልጊዜ ተመራጭ በሆነ ነበር።

ጥያቄው ተራ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። «ቱቦው ባጠረና በሰፋ ቁጥር ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል፤ ጉልበቱም ይጨምራል» የሚለው አባባል በተማሪዎችም ሆነ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ገንዘቡን አውጥቶ ማኒፎልድ ያስቀየረውን ሰው ዳገት ላይ ሊያሳፍረው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ፊዚክስ ብዙም ሳንርቅ የቱቦው ርዝመትና ስፋት ለሞተሩ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚነሡት እንመለከታለን።

ቶርክና ጉልበት

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንለይ። ቶርክ ማለት ሞተሩ ክራንክ ሻፍቱን የሚጠመዝዝበት ብርታት ሲሆን የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። ጉልበት ስንል ደግሞ «የፈረስ ጉልበት» በሚለው አነጋገር ውስጥ ያለውን ትርጉም፣ ማለትም ሞተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማለታችን ነው። ይህም በኪሎ ዋት ይለካል። ሁለቱ በአንድ ቀላል ቀመር ይገናኛሉ፦ ቶርኩ በደቂቃ ዙር ብዛት ተባዝቶ ለ9550 ሲካፈል ጉልበቱን በኪሎ ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ቶርኩን ሳይቀንስ በፍጥነት መሽከርከር የቻለ ሞተር ጉልበቱ ይጨምራል። በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ቶርክ ያለው ሞተር ደግሞ ጭነት ይዞ ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይመቻል።

ቶርክ ከምን ይመጣል? ከሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ነዳጁ ግን ያለ አየር አይቃጠልም። አንድ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት ቀላል ሲሆን ተጨማሪ አየር ማስገባት ግን አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም አንድ ሞተር በአንድ ዙር የሚያወጣው ቶርክ በእያንዳንዱ የመሳብ ምት በሲሊንደሩ ውስጥ ተይዞ ከሚቀረው የአየር መጠነ ቁስ ጋር በቀጥታ ይያያዛል ማለት ይቻላል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄያችን ይህ ይሆናል፦ የቱቦው ቅርጽ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያዘውን አየር እንዴት ያበዛል? እንዴትስ ያሳንሳል?

አየሩ በምት እንጂ በተከታታይ አይፈስስም

በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ወንዝ ውሃ ያለማቋረጥ የሚፈስስ ይመስለናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ አየር ይስባል። ከሁለት ሙሉ ዙሮች፣ ማለትም ከ720 ዲግሪ ውስጥ፣ የማስገቢያው ቫልቭ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በሰከንድ 25 ጊዜ ይነሣል፤ ይሮጣል፤ በሩም ፊቱ ላይ ይዘጋበታል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ግዑዝነት፣ ማለትም የኢነርሺያ ውጤት ነው። ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር መጠነ ቁሱ ከአንድ ግራም ያነሰ ነው። ነገር ግን በሰከንድ 50 ወይም 60 ሜትር ሲሮጥ ወዲያውኑ አይቆምም። ፒስተኑ ታችኛው ጫፍ ደርሶ መሳቡን ቢያቆምም አየሩ በራሱ ግፊያ መግባቱን ይቀጥላል። የሞተር ነዳፊዎች የማስገቢያውን ቫልቭ ፒስተኑ ታች እንደደረሰ የማይዘጉት በዚህ ምክንያት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ተጨማሪ 50 ወይም 60 ዲግሪ እስኪዞር ድረስ ክፍት ይተዉታል።

ሁለተኛው የሞገድ ውጤት ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲሸሽ በቫልቩ አጠገብ ያለው ግፊት ይወርዳል። ይህ የግፊት መውረድ በድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል፣ በቱቦው ውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛል። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ሰፊ የጋራ ክፍል ሲደርስ የቱቦው ክፍት አፍ ያገኘዋል። ከክፍት አፍ የሚመለስ የግፊት ሞገድ ምልክቱ እንደሚገለበጥ ከድምፅ ትምህርት እናስታውሳለን። የወረደ ግፊት ሆኖ የሄደው ሞገድ ከፍ ያለ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ይህ ተመላሽ ሞገድ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ከሆነ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ያለ ምንም መጭመቂያ መሣሪያ፣ ሲሊንደሩ በከባቢ አየር ግፊት ሊይዝ ከሚችለው በላይ አየር ሊይዝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የግፊቱ መጠን ቀላል የሚባል አይደለም። በድምፅ ፊዚክስ የአንድ ሞገድ የግፊት ለውጥ የአየሩ ጥግግት፣ የድምፅ ፍጥነትና የአየሩ የፍጥነት ለውጥ ብዜት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የአየር ጥግግት በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ግራም ነው። የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ በ40 ሜትር ቢለወጥ፣ 1.2 በ340 በ40 ሲባዛ 16 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። ይህም የከባቢ አየር ግፊት 16 በመቶ ነው። በተግባር ከዚህ የተወሰነው ክፍል በሰበቃና ባልተሟላ ነጸብራቅ ይጠፋል። የሚቀረውም ቢሆን በቶርኩ ላይ በግልጽ የሚታይ ነው።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው

ሞገዱ ደርሶ መልስ የሚፈጅበትን ጊዜ እናስላ። የቱቦው ርዝመት 0.40 ሜትር ከሆነ የደርሶ መልሱ መንገድ 0.80 ሜትር ነው። ይህንን ለ340 ብናካፍለው 2.35 ሺህኛ ሰከንድ እናገኛለን። ይህ ጊዜ በሞተሩ ፍጥነት አይለወጥም። የሚለወጠው በዚያ ጊዜ ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ የሚዞረው ማዕዘን ነው። በ3000 ዙር ክራንክ ሻፍቱ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 18 ዲግሪ ስለሚዞር ሞገዱ ሄዶ እስኪመለስ 42 ዲግሪ ይዞራል። በ6000 ዙር ግን 85 ዲግሪ ይዞራል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የፒስተኑ ፍጥነት ከፍተኛ የሚሆነው ከላይኛው ጫፍ 75 ዲግሪ ያህል ከዞረ በኋላ ነው። ጠንካራው የግፊት መውረድም የሚፈጠረው በዚያ አካባቢ ነው። የሚመለሰው ሞገድ ግን እንዲደርስ የምንፈልገው ፒስተኑ ታች ሊደርስ ሲል ነው፤ ይኸውም በ165 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ የደርሶ መልሱ ጉዞ 90 ዲግሪ ያህል ሊፈጅ ይገባል። ከዚህ ተነሥተን አንድ ቀላል የግምት ቀመር ማውጣት እንችላለን፦ የቱቦው ርዝመት በሜትር ሲለካ 2550 ለደቂቃ ዙር ብዛት ተካፍሎ ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ይሆናል። ርዝመቱ የሚለካው ከቫልቩ ጀምሮ ስለሆነ በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ ያለውን መተላለፊያም ይጨምራል። በ6000 ዙር የሚያግዝ ቱቦ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በ3000 ዙር የሚያግዝ ደግሞ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ለዘገምተኛ ሞተር ረጅም ቱቦ፣ ለፈጣን ሞተር አጭር ቱቦ የሚባለው ለዚህ ነው። በአገራችን ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ድምፅ በርዝመቱ የተወሰነ ነው። ዜማ ለመሥራት ርዝመታቸው የተለያየ እምቢልታዎችን የያዙ ነፊዎች ይፈራረቃሉ። ርዝመቱ የማይለወጥ ማኒፎልድ እንደ አንድ እምቢልታ ነው። ደህና አድርጎ የሚያሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ጊዜው ሳይገጥም ሲቀር ጥቅሙ መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ ጉዳትም አለ። አጭር ቱቦ ያለውን ሞተር በዝቅተኛ ዙር እንውሰድ። አጋዡ ሞገድ ፒስተኑ ገና እየሳበ ሳለ ቀድሞ ይደርሳል፤ ውጤቱም ቫልቩ ከመዘጋቱ በፊት ያልፋል። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በዝግታ ስለሚጓዝ ግፊያው ደካማ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ቫልቩ አሁንም ክፍት ነው፤ ፒስተኑም ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል። ስለዚህ የገባው አየር የተወሰነው ክፍል ወደ መጣበት ቱቦ ይገፋል። በአንጻሩ ረጅም ቱቦ ያለው ሞተር በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ሞገዱ ዘግይቶ የተዘጋ በር ያገኛል። በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ሰበቃም ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. የ1960 ምስክር

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የተሰላ ነው። በተጨባጭ ሞተር ላይስ ይታያል? የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው 300 ኤፍ የተባለው መኪና ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። የዚህ መኪና ሞተር 8 ሲሊንደርና 6.8 ሊትር ይዘት ነበረው። መሐንዲሶቹ የእያንዳንዱን ቱቦ ርዝመት 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሴንቲ ሜትር አደረጉት። ይህን ያህል ርዝመት የሚያርፍበት ቦታ ስላልነበረ ቱቦዎቹ በሞተሩ አናት ላይ ተሻግረው በግራ ያለው ካርቡራተር በቀኝ ያሉትን ሲሊንደሮች፣ በቀኝ ያለውም በግራ ያሉትን እንዲመግብ ተደረገ። ከዚህ ሌላ ለፍጥነት ወዳጆች የተዘጋጀ አማራጭ ነበር። በዚህኛው ላይ ቱቦዎቹ ከውጭ ሲታዩ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይመሳሰላሉ። ከውስጥ ግን የሚለያያቸው ግድግዳ ከፊሉ ስለተነሣ ለሞገዱ የሚሠራው ርዝመት 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ።

ኩባንያው በጊዜው ባወጣቸው መግለጫዎች መሠረት ረጅሙ ቱቦ ያለው ሞተር ከፍተኛው ቶርኩ በ2800 ዙር 671 ኒውተን ሜትር፣ ከፍተኛው ጉልበቱ በ5000 ዙር 375 የፈረስ ጉልበት ወይም 280 ኪሎ ዋት ነበር። አጭሩ ቱቦ ያለው ሞተር ደግሞ ቶርኩ በ3600 ዙር 630 ኒውተን ሜትር፣ ጉልበቱ በ5200 ዙር 400 የፈረስ ጉልበት ወይም 298 ኪሎ ዋት ሆነ። ለከፍተኛ ዙር የሚዘጋጅ ሞተር በሌሎች ክፍሎቹም ለውጥ ሊደረግበት ስለሚችል ልዩነቱን በሙሉ ለቱቦው መስጠት አይገባም። አቅጣጫው ግን ስሌታችን እንደተነበየው ነው። ቱቦው ሲያጥር 25 የፈረስ ጉልበት ተገኘ፤ 41 ኒውተን ሜትር ቶርክ ደግሞ ጠፋ፤ የቶርኩ ጫፍም ወደ ከፍተኛ ዙር ተሻገረ።

ቀመራችን ለ2800 ዙር የሚሰጠን ርዝመት 91 ሴንቲ ሜትር ነው። የማኒፎልዱ ቱቦ 76 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ሲታከልበት ወደ ግምታችን ይቀርባል። ለአጭሩ ቱቦ ግን ቀመሩ ከ3600 በእጅጉ የሚበልጥ ዙር ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቶርኩን ጫፍ የሚወስነው ቱቦው ብቻ አይደለም። የቫልቮቹ ስፋትና የመክፈቻ ጊዜ፣ የጭስ ማውጫው አሠራርና ሰበቃም ድርሻ አላቸው። አጭሩ ቱቦ በከፍተኛ ዙር ቶርኩ በፍጥነት እንዳይወርድ ስለደገፈው በ5200 ዙር የተሻለ ጉልበት ተገኘ።

ስፋቱስ?

እስካሁን ያየነው ርዝመትን ነው። የቱቦው ስፋትም የራሱ ሚና አለው። የፒስተኑ ዲያሜትር 80 ሚሊ ሜትር፣ የሚጓዝበት ርዝመትም 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ። በ6000 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 16 ሜትር ነው። ቱቦው 40 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ካለው የወርዱ ስፋት ከፒስተኑ በአራት እጥፍ ስለሚያንስ አየሩ በአማካይ በሰከንድ 64 ሜትር ይጓዛል። ቱቦውን ወደ 30 ሚሊ ሜትር ብናጠበው ፍጥነቱ ወደ 114 ሜትር ያድጋል። በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ኪሳራው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይታፈናል ማለት ነው።

በ2000 ዙር ግን ሁኔታው ይገለበጣል። በሰፊው ቱቦ አየሩ በሰከንድ 21 ሜትር ብቻ ይንፏቀቃል። በጠባቡ ቱቦ 38 ሜትር ይደርሳል። የአየሩ ግፊያ የሚበረታው በጠባቡ ነው። ስለዚህ ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚለው አባባል እዚህም አይሠራም።

ስፋቱ በሞገዱም ላይ ተጽዕኖ አለው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አፍ ላይ ብንነፋ ወፍራም ድምፅ እንሰማለን። በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ መጠነ ቁስ፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ሆነው አብረው ይርገበገባሉ። ይህን ዓይነት ሬዞናንስ በስፋት ያጠናው ከእ.ኤ.አ. 1821 እስከ 1894 የኖረው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። ቫልቩ ሲከፈት ሲሊንደሩ እንደ ጠርሙሱ ሆድ፣ ቱቦው እንደ አንገቱ ሆኖ ሊታሰብ ይችላል። በሄልምሆልትዝ ቀመር መሠረት የርግብግቢቱ ድግግሞሽ በአንገቱ የወርድ ስፋት ካሬ ሥር ያድጋል፤ በርዝመቱ ካሬ ሥር ይቀንሳል። ስለዚህ የቱቦውን ዲያሜትር ከ40 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ሬዞናንሱ የሚገኝበትን ዙር ወደ ሦስት አራተኛ ያወርደዋል። ረጅም እና ጠባብ ቱቦ ለዝቅተኛ ዙር፣ አጭር እና ሰፊ ቱቦ ለከፍተኛ ዙር የሚስማማ መሆኑን ሁለቱም የስሌት መንገዶች ያረጋግጣሉ።

ከዚህ ጋር ሁለት ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮችን እንጨምር። የቱቦው አፍ እንደ መለከት አፍ ወደ ውጭ ሰፍቶ ቢሠራ አየሩ ጠርዙ ላይ ሳይሽከረከር በጸጥታ ይገባል። የቱቦዎቹ ርዝመት እርስ በርሱ እኩል ካልሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር በተለያየ ዙር ላይ ስለሚታገዝ ሲሊንደሮቹ የሚይዙት አየር ይበላለጣል።

በአዲስ አበባ ከፍታ

በአገራችን ሁኔታ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። ይህም በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ነው። ስለዚህ ተርቦ መጭመቂያ የሌለው ሞተር እዚህ ከሚያገኘው አየር ሩብ ያህሉን ከመነሻው አጥቷል። ታዲያ በባሕር ወለል ተሠርቶ የመጣ ቱቦ ርዝመቱ ለእኛ ከፍታ መስተካከል ይኖርበታልን?

መልሱ ብዙዎችን ሊያስደንቅ ይችላል። አያስፈልገውም። በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት መጠን እንጂ በግፊት አይደለም። በከፍታ ላይ ግፊቱም ጥግግቱም አብረው ስለሚቀንሱ ውጤታቸው ይጣፋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ሙቀት ሞገዱ በአዲስ አበባም ሆነ በጅቡቲ ወደብ በእኩል ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ቱቦው የሚያግዝበት ዙር አይለወጥም። ቀደም ሲል ያሰላነውን የሞገድ ግፊት በአዲስ አበባ ጥግግት፣ በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም፣ ብናሰላው 12 ኪሎ ፓስካል ያህል እናገኛለን። ይህም የ76 ኪሎ ፓስካል 16 በመቶ ነው። መቶኛው አልተለወጠም። ከፍታ የቶርኩን ግራፍ በሙሉ ወደ ታች ያወርደዋል እንጂ ጫፉን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አያንቀሳቅሰውም።

ሙቀት ግን ያንቀሳቅሰዋል። ወደ ቱቦው የሚገባው አየር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከ343 ወደ 366 ሜትር ያድጋል። ቱቦው የሚያግዝበት ዙርም በ7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ከዚህ የከፋው የአየሩ ጥግግት በ12 በመቶ መቀነሱ ነው። የአየር ማጣሪያውን ከመኪናው ፊት ከሚገኘው ቀዝቃዛ አየር አንሥቶ በሞቃቱ ሞተር አጠገብ ክፍት አድርጎ የሚተክል ሰው ድምፁ ደምቆለት ቶርኩ ሊቀንስበት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ርዝመቱ የሚለዋወጥ ቱቦ

አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጣት ግድ ከሆነ ቱቦውን ራሱን ሞተሩ እየሮጠ ማሳጠርና ማስረዘም አይቻልምን? መሐንዲሶች ይህን አድርገዋል። ብዙ የፋብሪካ ሞተሮች ሁለት መንገድ ያለው ማኒፎልድ አላቸው። በዝቅተኛ ዙር አየሩ በረጅሙ መንገድ ዞሮ ይገባል። ዙሩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አንድ ክዳን ተከፍቶ አቋራጩን ያሲዘዋል።

ከዚህ የራቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው የጃፓኑ ማዝዳ 787 ቢ በሮታሪ ሞተሩ ላይ እንደ ቴሌስኮፕ የሚሳቡ የአየር ቱቦዎች ነበሩት። ዙሩ ሲጨምር ቱቦዎቹ በተከታታይ ያጥራሉ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ኤን62 በተባለ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ ርዝመቱ ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ ማኒፎልድ ለገበያ መኪና አዋለ። እስከ 3500 ዙር ድረስ ርዝመቱ 673 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ እያጠረ ሄዶ 231 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የተለመደው ማኒፎልድ እምቢልታ ከሆነ እነዚህ ዋሽንቶች ናቸው። ነፊው ቀዳዳውን በጣቱ ሲከፍት የሚርገበገበው አየር ያጥራል፤ ሲደፍን ይረዝማል። ዜማውም ከአንድ መሣሪያ ይወጣል። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ክፍል ዋጋ ያስከፍላል፤ ቦታ ይይዛል፤ ሊበላሽም ይችላል። አንድ እምቢልታ መርጠው የሚረኩ አምራቾች ዛሬም የበዙት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

እስካሁን ካየነው የምንወስደው ዋና ቁም ነገር ቱቦው ሞተሩ የሚታገዝበትን ዙር የሚመርጥ መሣሪያ መሆኑ ነው። በአንድ ዙር የሰጠውን በሌላው ይነሣል። ስለዚህ «የትኛው ማኒፎልድ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ያልተሟላ ጥያቄ ነው። የተሟላው ጥያቄ «ይህ ሞተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚሠራው በስንት ዙር ነው?» የሚል ይሆናል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ተሳፋሪ ሞልቶ የሚወጣን መኪና እናስብ። ከፍታው ከሞተሩ ሩብ ያህል አየር ወስዶበታል። አሽከርካሪው ብዙውን ጊዜ የሚነዳው በ2000 እና በ3000 ዙር መካከል ነው። እዚህ ላይ የሚያወጣው ቶርክ እንጂ በ6000 ዙር በወረቀት ላይ የተጻፈለት የፈረስ ጉልበት አይደለም። ለዚህ ሞተር አጭርና ሰፊ ቱቦ መግጠም ከቀረው ላይ ሌላ መቀነስ ነው። አሽከርካሪው የጠፋውን ለማካካስ ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ያስጮኻል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ይጨምራል። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ከ6000 ዙር በታች ለማይወርድ የውድድር መኪና ረጅሙ ቱቦ ሸክም ነው።

በመጨረሻም ለተማሪዎች አንድ ሙከራ እንጠቁማለን። የሚያውቁትን መኪና የቶርክ ጫፍ የሚገኝበትን ዙር ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያግኙ። 2550ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። ከዚያም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ የአንዱን ቱቦ ርዝመት ኩርባውን ተከትለው በክር ይለኩ፤ በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ ላለው መተላለፊያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ነዳፊው ሞገዱን ለቶርክ ጫፉ እንዳዋለው ይገምታሉ። ቱቦው ከስሌቱ በእጅጉ ካጠረ ግን ሞገዱን ለከፍተኛው ዙር፣ ለፈረስ ጉልበቱ አስቀምጦታል ማለት ነው። ያ መኪና ለማን እንደተሠራም ከዚህ መረዳት ይቻላል።